ሙባረክ ፎጣውን ያውለበለበበት ዙር

ኡበይደላ በስምንተኛው ዙር ላይ ለምን አልቆመም?

አላየም እንዳልል አይቷል። ከሜዳው ዳር የቆምነው ሁሉ አንገቱን ወደ ሙባረክ ሲያዞር ተመልክተናል፤ በኋላም በራሱ አፍ አምኗል። ሞተሩ መጋሉን አላወቀም እንዳልል፣ የታመመ ሞተር ከእሱ ቀድሞ የሚሰማ ሰው በመርሳም በወልድያም አላውቅም። የሞተሩ ግማሽ የሌላ ሰው መሆኑን ዘንግቶ ነው እንዳልል፣ ያን ሳምንት በዚያ ቤት ከዚህ ሌላ ነገር አልተወራም። የእሱን ጋራዥና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ስለሆነ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ለጥያቄው ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። የማውቀው ከዚያ ዙር በፊትና ከዚያ ዙር በኋላ የሆነውን ነው።

ኡበይደላ የውርጌሳ ልጅ ነው። ቤታቸው ከአስፋልቱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም ነበር። ልጅ ሳለ የጭነት መኪኖች ማርሽ ሲቀይሩ መኝታው ላይ ሆኖ ያዳምጣል፤ ጠዋት ተነሥቶ ለአባቱ፣ «ሌሊት አንድ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ፊያት አልፏል» ይላቸዋል። አባቱም እርሻቸውን እያሰቡ፣ «እንግዲያው ዱኣ አድርግለት» ይሉት ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ በደሴና በወልድያ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት ሆነ። አውቶቡሱ ወልድያ ላይ ሲሰበር ሾፌሩ፣ «ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቀው» ብሎ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ትቶት ሄደ። ዕቃው በሃያ ሁለተኛው ቀን መጣ። አውቶቡሱ ተጠግኖ ወጣ፤ ኡበይደላ ግን እዚያው ቀረ።

የጋራዡ ባለቤት ዮሴፍ የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። አራት ወር ሙሉ መፍቻ አላስነኩትም። አንድ ረጅም ካቻቢቴ ሰጡትና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደግፎ እንዲያዳምጥ ብቻ አዘዙት።

«ምን ይላል?» ይሉታል።

«ይንኳኳል፣ ጋሼ።»

«በር ነው የሚንኳኳው? ሂድ እንደገና ስማ።»

በአራተኛው ወር ከአምስት መኪኖች መካከል የትኛው ሞተር፣ የቱ ጋ እንደተበላ ሳይፈታ መናገር ጀመረ። ዮሴፍ ያኔ መፍቻውን ሰጡት። ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ሠራ፤ ከዚያ መርሳ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ጋራዥ ሲባል ስድስት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች በዘይት የጠቆረ መሬት ነው። በአቅራቢያው ካለችው መንደር ከግራና ነሲባን ያገባውም በዚያው ዓመት ነው። ኡበይደላ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ይፈልግ አሥራ ሰባት፣ ሳይናገር ታውቃለች። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ብትሰጠው ከሥር ሆኖ፣ «ምነው ተጣላን እንዴ?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ከአንድ የተገለበጠ ኮሮላ ያወጣውን ሞተር በዘይት በራሰ ጆንያ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው፤ በላዩም የፍየል በረት ሠራበት። ሸሽተው ከርመው ሲመለሱ ጋራዡ ባዶ ነበር። ቋሚዎቹ እንኳ ተነቅለዋል። ግራና ላይም የነሲባ ታናሽ ወንድም ሙባረክ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን አጥቶ ጠበቃቸው። በሁለቱ ቤት የተረፈው ከመሬት የወጣው ሞተር ብቻ ሆነ።

ስምምነቱ ያኔ የተደረገ ነው። የሙባረክ ማሳ ከመስኖው ቦይ ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃ ካልተገፋለት አይወጣለትም፤ ከሽንኩርቱ ደግሞ ሁለቱም ቤት ይበላል። ስለዚህ ሞተሩ የጋራ ይሆናል፣ በጋውን ግራና ላይ ውኃ ይስባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ለውድድር ወደ መርሳ ይመጣል። ኡበይደላ ሞተሩ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በሁለት ሰዓት እንዲዛወር አድርጎ መቀመጫውን ራሱ ሠራው።

ውድድሩ የወልድያ ጋራዥ ሰዎች የጀመሩት ነው። ከዚያው ከወልድያ ጫፍ መንገድ ሠሪዎች ጠጠር ያከማቹበት የነበረ ሰፊ ሜዳ አለ፤ እዚያ ላይ በኖራ ክብ መንገድ ያሰምራሉ። ሕጉ አጭር ነው። መኪናውን የሚነዳው የሠራው ሰው ነው፣ ዙሩ አሥራ ሁለት ነው፣ ለአሸናፊው አዲስ ባትሪ ይሰጠዋል።

የኡበይደላን መኪና የመርሳ ሰው «አጥንት» ይላታል። ሥጋ የላትም። አካሏ ከውኃ ቧንቧ የተበየደ ነው፤ የኋላ እግሯ የፔጆ 404፣ የነዳጅ ጋኗ ቢጫ ጀሪካን፣ ወንበሯ እግሩ የተቆረጠ የሻይ ቤት ፕላስቲክ ወንበር ነው። ማርሚታ ስለሌላት ስትነሣ ድምጿ እስከ መናኸሪያው ይሰማል። አንድም ውድድር ጨርሳ አታውቅም። በመጀመሪያው ዓመት አራተኛው ዙር ላይ የፊት ጎማዋ ወልቆ ለብቻው ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ዘጠነኛው ዙር ላይ የነዳጅ ቱቦዋ ቀለጠ። ሁለቱንም ጊዜ በአይሱዙ ተጭና ነው የተመለሰችው፤ ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ሾፌሮች በጋራዡ በኩል ሲያልፉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

«ኡበይደላ፣ ዘንድሮስ ተነድታ ትመጣለች ወይስ ተጭና?»

«ዘንድሮ አንተን ጭና ትመጣለች።»

ይመልስላቸዋል እንጂ አይስቅም። ነሲባ እንዳለችኝ፣ ከሁለተኛው ውድድር በኋላ ለአንድ ወር ያህል በዋናው መንገድ መሄድ ትቶ ወደ መስጊድ በጓሮ በኩል ይዞር ነበር።

ዘንድሮ ችግር የሆነው ቀኑ ነው። ውድድሩ እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተባለ። የሙባረክ የውኃ ተራ ደግሞ በዚያው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋለ። በጋው ስለጠነከረ በቦዩ ጫፍ ያለው ኩሬ በተራ ነው የሚከፈለው፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት። ተራው ያለፈው ስምንት ቀን ይጠብቃል። የሙባረክ ሽንኩርት ራስ መቋጠር ጀምሯል፤ ስምንት ቀን ያለ ውኃ አይቆይም።

ስለዚህ ሙባረክ ሞተሩን አልሰጥም አለ። ሰኞ ተላከበት፣ እምቢ አለ። ረቡዕ ተደወለለት፣ አላነሣም። ሐሙስ ነሲባ ራሷ ግራና ወረደች።

«እታለም፣ ባልሽ መጫወቻ ካማረው ኳስ ይግዛ» አላት።

«ኳስ ቢገዛማ አንተም ልጫወት ትላለህ።»

«ሽንኩርቱስ?»

«እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሞተሩ እዚህ ቦታው ላይ ነው።»

«በማን ቃል?»

«በእኔ።»

ሙባረክ መፍቻ አንሥቶ ሞተሩን ፈታላት።

ኡበይደላ ከዓርብ ጁምዓ መልስ ሥራ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ መዶሻው አላረፈም። ቅዳሜ ወደ ማታ አጥንት ተነሣች፤ አምስት ደቂቃ ያህል ሠርታ የሙቀት መርፌዋ መሃል ላይ ቆመ። ነሲባ፣ «ሞተሩን ከውስጥ አላጠብነውም» ስትል በቆርቆሮው በኩል ሰማሁ። «ሞተሩ ውኃ ውስጥ ነው የከረመው፣ ምኑ ይታጠባል?» አላት። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። እሷም አልደገመችም።

እሑድ ጠዋት ሙባረክ ዘውዱ በሚባል ጎረቤቱ አይሱዙ ወልድያ መጣ። ገመድና ጆንያ ይዟል። ውድድሩን ሊያይ የመጣ አይመስልም፤ ከሰው ተነጥሎ ቆሞ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ ስልኩን ያያል።

ሰባት መኪኖች ተሰለፉ። ከኡበይደላ ጎን የቆመው በላይ የሚባለው ያለፉት ሁለት ዓመታት አሸናፊ፣ ጣሪያዋን በቆረጣት ቮልስዋገን ላይ ተቀምጦ ወደ ፕላስቲኩ ወንበር ዘንበል አለ።

«ኡበይደላ፣ ሻይ ቤቱ ወንበሩን አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል። በላይ ሲሸነፍ እመልሳለሁ አልኩት።»

«በል ተመችተህ ተቀመጥ። ዕድሜ ልክህን ያንተ ነው።»

ጨርቅ ተወዝውዞ ተለቀቁ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አቧራ እንጂ መኪና አይታይም ነበር። አጥንት አምስተኛ ነበረች። በአራተኛው ዙር አራተኛ ሆነች፤ ጎማዋ ተሰክቶ እንዳለ ሲያዩ የመርሳ ልጆች አጨበጨቡ። በስድስተኛው ሦስተኛ። ኡበይደላ መዞሪያው ላይ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ እሱ ማርሽ ብቻ እየቀነሰ ይገባል፤ የሞተሩ ጩኸት ከሰባቱ መሃል ለብቻው ይለያል፣ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። ነሲባ ከጎኔ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዳምጠው።

ሰባተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«ተለወጠ» አለች።

እኔ ምንም አልሰማሁም። አንድ ግማሽ ዙር ቆይቶ ግን ከአጥንት አፍንጫ ነጭ እንፋሎት ብቅ አለ። ሙባረክም አየ። ገመዱን ጥሎ እየሮጠ ወደ መዞሪያው ሄደ፤ ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ያውለበልብ ጀመር። የሚለው አይሰማም፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ይታያል። ኡበይደላ ወደ መዞሪያው መጣ። ከሙባረክ እስከ መኪናዋ ያለው ርቀት አሥር ክንድ ቢሆን ነው። አንገቱን አዞረ። ፊቱ አቧራ ስለነበረ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ታየን። እንደዚያ እያየው መዞሪያውን ጨረሰ፤ ከዚያ ፊቱን መልሶ ነዳጅ ሰጠ።

ሙባረክ ፎጣውን እንደያዘ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

ዘጠነኛው ዙር። እንፋሎቱ የኡበይደላን ፊት ሸፈነው። አሥረኛው። ሁለተኛ የነበረውን መኪና አለፈ፤ በላይ ብቻ ቀረ። «ያ ረቢ» አለች ነሲባ ቀስ ብላ፣ ደግማ ደጋግማ። የመርሳ ሰው ይጮሃል፣ ግማሹ «ንዳው»፣ ግማሹ «አቁመው» ይላል። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ያ ቀጭን ድምፅ ተሰበረ፤ መንተባተብ፣ ማሳል ጀመረ። በመጨረሻው መዞሪያ ላይ ጭራሽ ጠፋ። አጥንት ቁልቁል በራሷ ክብደት ብቻ እየተንከባለለች፣ በላይ ከገባ ሃያ ያህል ከተቆጠረ በኋላ፣ ያለ ድምፅ የኖራውን መስመር አለፈች። ሁለተኛ ወጣች። ውድድር ጨረሰች።

በላይ ሊያቅፈው እየሮጠ መጣና ፊታቸውን ሲያይ ቆመ።

«ምንድን ነው? ሰው ሞተ?»

«ሽንኩርት» አለች ነሲባ።

ሙባረክ ኡበይደላን አላየውም። «ሰዓት ስንት ነው?» ብሎ ዘውዱን ጠየቀ።

«ሦስት ተኩል።»

«ጫኑ።»

አጥንትን እንዳለች አይሱዙው ላይ ጫንናት። መርሳ መግቢያ ላይ የባጃጅ ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱ ተጠጉ፤ አንዱ፣ «ዘንድሮም…» ብሎ ጀምሮ ሙባረክን ሲያይ ተወው።

ጋራዡ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ኡበይደላ የሞተሩን ክዳን፣ እነሱ ቴስታ የሚሉትን፣ ፈታ። ከሥሩ ያለው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ጠቁሮ ተበልቷል። ነሲባ በበኩሏ ውኃው እንዲወጣ ከጎን ያለውን መክፈቻ ፈታች። ውኃ አልወጣም። በሽቦ ወጋችው፤ ቀይ ጭቃ እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ወረደ።

ነሲባ በሁለት ጣቷ አሸችው። «ይሄ የእኛ አፈር ነው» አለች።

ግራና ላይ ሞተሩ ራዲያተር የለውም። ኡበይደላ ራሱ ነው እንደዚያ የሠራው፤ ከሚሳበው ውኃ በቀጭን ቱቦ ትንሽ ወደ ሞተሩ እንዲገባ፣ አቀዝቅዞት ወደ ማሳው እንዲወጣ። ውኃው ሁልጊዜ አዲስ ስለሆነ ሞተሩ አይግልም። ነገር ግን የቦይ ውኃ ነው፣ ደለል አለው፤ ደለሉ ወር በወር በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይጋገራል። ውኃው ከራዲያተር ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ራዲያተር በሚመላለስበት መኪና ላይ ሲመጣ ያ ጭቃ መንገዱን ዘጋው። ሞተር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አላሰበውም።

«ሐሙስ ከምትሰጠን ሰኞ ብትሰጠን ጊዜ ኖሮን እናጥበው ነበር» አለች ነሲባ ወንድሟን።

«ስምንተኛው ዙር ላይ ቢቆም ጭቃውን አጥበን አሁን መንገድ ላይ ነበርን» አላት።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ኡበይደላ ቀና አላለም።

መለዋወጫ ፍለጋ ወልድያ መመለስ ጊዜ ይበላል፤ ለዚህ አሮጌ ሞተር የሚሆን ጓርኒሲዮን መገኘቱም አጠራጣሪ ነው። ነሲባ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለ፣ አንድ ጊዜ የሠራ ጓርኒሲዮን አወረደች። ኡበይደላ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፤ ጠርዙ ተጨማትሯል፣ ቀዳዳዎቹ ግን ሙሉ ናቸው። «የብር ቀለም ከቀባነው ሊይዝ ይችላል» አለ።

ቴስታው ግን በሙቀቱ ትንሽ ተጣምሟል፤ ካልተስተካከለ ምንም ጓርኒሲዮን አይይዝለትም። ለማስተካከል ፍጹም ልሙጥ ነገር ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ ማሸት ያስፈልጋል። ነሲባ ወደ ቤት ገባች፤ ስትመለስ የቁም ሳጥኗን መስተዋት ነቅላ ተሸክማ መጣች። ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፣ በላዩ ብርጭቆ ወረቀቱን ዘረጋች። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ያን ከባድ ብረት ክብ እያዞሩ ያሹ ጀመር።

ሙባረክ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። በየተወሰነ ጊዜ ሰዓቱን ብቻ ይናገራል።

«ስድስት ተኩል።»

ሹ፣ ሹ፣ ሹ ይላል ብረቱ።

«ሰባት ሩብ ጉዳይ።»

የዙህር አዛን ሲወጣ ኡበይደላ እጁን በኦሞ ታጥቦ ሰገደ፤ ነሲባ ለብቻዋ ማሸቷን ቀጠለች። ሲመለስ እሷ ሄደች። ሙባረክ ከሶላት መልስ ጎማው ላይ አልተቀመጠም። ሸሚዙን አውልቆ ጀሪካን ውኃ አንሥቶ የሞተሩን ሆድ ያጥብ ጀመር፤ ቀዩ ጭቃ በእግሩ ሥር ወረደ። ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ አሥራ አንድ ጀሪካን ፈጀ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሞተሩ ለብቻው አይሱዙው ላይ ወጣ። አጥንት ጋራዡ ውስጥ ሆዷ ባዶ ሆኖ ቀረች።

ግራና ኩሬው ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነበር። የውኃው አባት ሼህ አብዱልሐሊም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። በአካባቢው የውኃ አባት የሚባለው ተራ የሚያስይዝ፣ ጠብ የሚፈታ ሽማግሌ ነው። በቀድሞ ጊዜ በጥላ ይለኩ ነበር ይባላል፤ አሁን ልጃቸው ስልካቸው ላይ የሚጮህ ሰዓት ሞልቶላቸዋል።

«ተራህ ከገባ አምስት ደቂቃ ሆነው፣ ሙባረክ።»

«እያየሁ ነው፣ አባቴ። ትንሽ ቢጨምሩልኝስ?»

«ካንተ ቀጥሎ ረሂማ ናት። እሷን ጠይቃት።»

ረሂማ አካፋዋን ተደግፋ ከወዲያኛው ዳር ቆማለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። «የእኔም ቲማቲም ጠምቶታል፣ ወንድሜ» አለች። ከዚህ በላይ የሚባል አልነበረም።

ሞተሩ ተተከለ። ብሎኖቹ ተጠበቁ። ኡበይደላ መጀመሪያ ሲያስነሣው አልተነሣም። ለሁለተኛ ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ሙባረክ ጀርባውን ሰጥቶ ማሳውን እያየ ቆሟል። ኡበይደላ ካቻቢቴ አንሥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ሥር አደረገ፤ ነሲባ ቁልፉን አዞረች። ካርቡራተሩን ሩብ ዙር ነካው። በአራተኛው ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

ውኃው በቧንቧው ወጥቶ የመጀመሪያው መደብ ላይ ሲፈስ ሙባረክ ተንበርክኮ በመዳፉ መንገድ ከፈተለት። ነገር ግን አሮጌው ጓርኒሲዮን ጉልበት አይችልም። ኡበይደላ ነዳጁን በግማሽ ብቻ ነው የሰጠው፤ ከዚያ በላይ ቢሰጠው ይፈነዳል። ውኃው እንደ ሌላው ጊዜ አይዘልም፣ ይንጠባጠባል ማለት ይቀላል። ሃያ ሁለት መደብ አለ። ሙባረክ ከላይ እስከ ታች እየተመላለሰ የትኛውን እንደሚያጠጣ፣ የትኛውን እንደሚተው መምረጥ ነበረበት።

«ትንሽ ጨምርለት» ይላል ከማሳው።

«አይችልም።»

«ትንሽ።»

«ሙባረክ፣ አይችልም።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሼህ አብዱልሐሊም ስልክ ጮኸ። ኡበይደላ ሞተሩን አጠፋ። ረሂማ ወርዳ የቦዩን በር ወደ ራሷ ማሳ ከፈተች። አሥራ ሦስት መደብ ጠጥቷል። ዘጠኙ ደርቆ ቀረ፤ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ሙባረክ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቶ ሞተሩ አጠገብ ቆመ።

«ይህ ሞተር ከዚህ አይነሣም» አለ። «ለዚህ ዓመትም፣ ለከርሞም።»

ኡበይደላ የጋለውን ብረት ያይ ነበር። «እሺ» አለ።

ነሲባ ፊቷን አዞረች።

ሼህ አብዱልሐሊም ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ ደረቀው መደብ አዩ፣ ወደ ኡበይደላ አዩ። «በእጅ የሚቀዳ ውኃ ተራ የለውም» አሉ። «ማንም መጥቶ መቅዳት ይችላል። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩልን።» ይህን ብለው ሄዱ።

ኡበይደላ ከሙባረክ ጎጆ ሁለት ጀሪካን አንሥቶ ወደ ኩሬው ወረደ።

ከኩሬው እስከ ላይኛው መደብ ሰማንያ እርምጃ አቀበት ነው። አንድ መደብ ስንት ጀሪካን እንደሚጠጣ በቁጥር የያዘ ሰው አልነበረም። መግሪብ ሰግዶ ቀጠለ። ኢሻእ ሰግዶ ቀጠለ። ነሲባ ከጎረቤት እንስራ ተውሳ ከኋላው ትሄዳለች። እኔም ጥቂት ተመላልሼ ትከሻዬ ሲዝል ተቀመጥኩ። ሙባረክ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ተኛ፣ ወይም የተኛ መሰለ፤ አራተኛው መደብ ላይ ሲደርሱ ግን ወጥቶ ጀሪካን ያዘ። ሁለቱ ወንዶች አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ ጠባቡ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ ለመተላለፍ አንዱ ጎኑን መስጠት አለበት፣ ሁልጊዜ የሚሰጠው ኡበይደላ ነበር።

ሊነጋ ሲል ስድስተኛው መደብ ላይ ሙባረክ መንገዱን ይዞ ቆመ።

«አይተኸኛል» አለው።

«አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ?»

ኡበይደላ ጀሪካኖቹን ሳያስቀምጥ ቆሞ ቆየ። የሚመልስ መስሎኝ ነበር። ሙባረክም ጠበቀው። ውኃው ከጀሪካኑ አፍ እግሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በመጨረሻ ሙባረክ ራሱ ጎኑን ሰጥቶ አሳለፈው።

ፀሐይ ስትወጣ ሥራው ከበደ፤ የፈሰሰውን መሬቱ ቶሎ ይጠጣዋል። ሰባተኛው አለቀ። ስምንተኛው አለቀ። ዘጠነኛው መደብ ላይ ከግማሽ በላይ ሲደርሱ ኡበይደላ ጀሪካን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። እጁን አየው፣ እንደገና ሞከረ።

«ተው» አለው ሙባረክ። «የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሂድ ጎጆው ውስጥ ጋደም በል።»

«ጎጆው ሩቅ ነው» አለ ኡበይደላ።

እዚያው በራሰውና በደረቀው መደብ መካከል ባለው ድንበር ላይ በጎኑ ተኛ። ነሲባ ሻሿን ፈትታ ፊቱን ከፀሐይ ሸፈነችለት። ሙባረክ ጀሪካኖቹን ይዞ ወደ ኩሬው ሲወርድ ስልኬን አየሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ይላል።